ቅኝት የተማረ ፒያኖ፦ በቅጽበት ፈጥሮ የመጫወት ታሪክ ከአዊ አካባቢ ሲታይ

ሕዝቡ በተለምዶ «ኦርጋን» የሚለው ባለ ቁልፍ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በእንጅባራና በዳንግላ፣ በሌሎችም የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከተሞች፣ ከመሲንቆና ከዋሽንት ጋር ሲነጻጸር የትናንት እንግዳ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚሰማውን ዜማ የሚገዛው ሥርዓት ግን ከመሣሪያው እጅግ የቀደመ ነው። የፒያኖና የዘመዶቹ ታሪክ በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው መሣሪያው ከውጭ እንደመጣ፣ ኢትዮጵያውያንም አጨዋወቱን እንደተማሩ ተደርጎ ሲሆን፣ ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ይናገራል። ቀሪው ግማሽ፣ ፒያኖው ራሱ የአገሩን ቅኝት እንዲማር የተገደደበት ታሪክ ነው፤ ጃዝ ተጫዋቾች ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉት፣ ማለትም ያልተጻፈ ዜማን በቅጽበት እየፈጠሩ የመጫወት ጥበብ፣ በኢትዮጵያ ምድር መልክ የያዘው በዚህ መገደድ ውስጥ ነው።

ቅኝት የሚለው ቃል «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ የክራርን ወይም የበገናን አውታሮች ለሚዜመው ዜማ እንዲስማሙ ማጥበቅና ማላላት ነው። ባለሙያው ከአንዱ የዜማ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሸጋገር አውታሮቹን እንደገና ስለሚቃኝ፣ ቃሉ ከማስተካከሉ ሥራ አልፎ የድምፆቹ አሰላለፍ መጠሪያ ሆኗል። በሙዚቃ ትምህርት ዋና ተብለው የሚጠቀሱት አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲሆኑ፣ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ወርሰዋል። እያንዳንዱ ቅኝት በአንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ራሱን እስኪደግም ባለው ርቀት ውስጥ፣ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር ተብለው በየሁለት ይከፈላሉ።

አምስት ድምፅ ብቻ መሆኑ ጀማሪውን ያታልላል። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ የሚባሉት አምስት ነጭ የፒያኖ ቁልፎች በምሳሌነት ሊወሰዱ ይችላሉ። ዜማው ከላ ተነሥቶ ላ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የሚሰማው ማይነር ትዝታ ነው፤ አንድም ቁልፍ ሳይለወጥ ማረፊያው ወደ ሚ ሲዛወር ግን ትዝታው ይጠፋና አምባሰል ይመጣል። እንዲሁም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማረፊያቸው ዶ ሲሆን ሜጀር ትዝታ፣ ላ ሲሆን ማይነር ባቲ ናቸው። ጣት የሚነካው ያንኑ ቁልፍ ሆኖ ሳለ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነገር መሆኑ፣ ቅኝት የቁልፎች ዝርዝር ሳይሆን ማረፊያ ያለው መንገድ መሆኑን ያስረዳል፤ የት እንደሚዘገይ፣ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛውን ድምፅ ነክቶ እንደሚሸሽ የማያውቅ ተጫዋች አምስቱን ድምፆች በትክክል እየነካ ከቅኝቱ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የዚህ መንገድ ትምህርት አዊ በሚገኝበት በጎጃም ምድር ለረጅም ዘመን በብዙ በር ሲሰጥ ኖሯል። አዝማሪው ባለ አንድ አውታር መሲንቆውን እየገዘገዘ፣ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የሚሰጠውን ስንኝ በዜማው ልክ አስተካክሎ ይመልሳል፤ ዜማው አንድ ሆኖ እየተመላለሰ ግጥሙም ማስጌጫውም በየጊዜው አዲስ ይሆናል። ዋሽንት ደግሞ የእረኛው መሣሪያ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ባለው ደጋ በብዛት የሚበቅለው ቀርከሃ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በወንበሩና በአልጋው ቢሆንም፣ ዋሽንት ከሚሠራባቸው እንጨቶች አንዱ ይኸው ቀርከሃ ነው። አንድ ዋሽንት የሚሰጠው ቁመቱ የወሰነለትን የድምፅ ከፍታ ስለሆነ ባለሙያው የተለያየ ቁመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይይዛል፤ በዚህም ያው መንገድ ከተለያየ መነሻ ሊሄድ እንደሚችል ጣቱ ቀድሞ ያውቃል። ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት፣ የአዊ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው አዊኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃላትን የሚለይ ቋንቋ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ማሳየታቸው ነው፤ በእንዲህ ያለ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ የድምፅን ከፍታ መለየት የሚጀምረው መሣሪያ ከመያዙ በፊት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጃዝ ትምህርት የሚቀርበው ግን የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎጃም በቅኔ መምህራኑ የታወቀ አገር ሲሆን፣ ተማሪው ትምህርቱን የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ነው። በጠባቡ ልክ ውስጥ መፍጠር ሲችል ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይቀኛል፣ መምህሩም ያርመዋል። የቆጠረው ቅኔ ለዕለቱ ብቻ ነው፤ በማግስቱ አዲስ ይጠበቅበታል። ልኩ የተወሰነ፣ ይዘቱ ግን በየቀኑ አዲስ የሆነ ፈጠራ በሥርዓት ሊሰጥ የሚችል ትምህርት መሆኑን የቅኔ መምህራን ጃዝ የሚባል ነገር ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን በፊት አረጋግጠዋል።

ፒያኖ ወደዚህ ዓለም የገባው ሌላ ዓይነት ሕግ ይዞ ነው። መሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ምልክት ስለሌለው ተጫዋቹ ድምፁን እንደ ስሜቱ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሲችል፣ የፒያኖ ኦክታቭ ግን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ተከፍሎ የተዘጋ ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ሐርመኒን፣ ማለትም የተለያዩ ድምፆችን በአንድነት የማሰማት ልማድን፣ አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ከመጡት አርባ ልጆች ከተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የሙዚቃ መምህሩ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲመጡ፣ የአውሮፓ የኖታ ትምህርት በቤተ መንግሥቱ ሥር ተተከለ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ዜማዎች ለኦርኬስትራ በማቀናበር፣ አምስት ድምፅ ያለው ዜማ በሐርመኒ ሳይዋጥ እንዴት ሊቆም እንደሚችል ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ የተለመደው የአውሮፓ ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰማ የድምፆች ስብስብ፣ ብዙ ጊዜ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይጨምራል፣ የተጨመረውም ድምፅ ማረፊያውን ያናጋዋል።

ጥያቄውን ብቻቸውን በፒያኖ ፊት ተቀምጠው የመለሱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት ቆዩ፤ ከዚያም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። በመጨረሻ ግን ዓለማዊውን መድረክ ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ግሸን የምትገኘው በወሎ አምባሰል መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በአውሮፓ ሥርዓት የተገራው እጅ የተመለሰው አንዱ ቅኝት ስሙን ወደወረሰበት ምድር ነው። በኋላም የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን ታተመ። እማሆይ የጃዝ ተጫዋች አልነበሩም፤ ይሁንና በሸክላዎቻቸው ላይ ቀኝ እጅ እንደ አዚያሚ ትንፋሽ እየዘገየና እየፈጠነ ሲሄድ፣ ግራ እጅ ኮርድ ከመደራረብ ይልቅ ማረፊያውን እየጠበቀ ይከተላል። በተመጠነ ምት ማሰር የሚቻል ዜማ አይደለም፤ በ12 እኩል ቁልፎች ተዘግቶ የነበረው መሣሪያ ያጣውን የድምፅ መለጠጥ በጊዜ መለጠጥ ተክቶታል።

በዚያው ዘመን ጃዝም በራሱ ምክንያት ወደ ቅኝት እየቀረበ ነበር። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነገሠው ቢባፕ የተባለው ስልት ኮርዶችን በፍጥነት ስለሚለዋውጥ፣ ፈጣሪው ተጫዋች ኮርድ ከማሳደድ አልፎ ዜማ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም ነበር። ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ በተሳተፈበት «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በተባለው አልበም፣ ሞዳል የሚባለውን ሌላ መንገድ ከፈተ። ሞድ ማለት ማረፊያው የታወቀ የድምፆች ሰልፍ ነው። በአልበሙ ውስጥ «ሶ ዋት» የተባለው ሥራ 32 መስፈሪያ ሲኖረው፣ 16ቱ በአንድ ሞድ ላይ ይቆማሉ፣ ቀጣዮቹ 8 ያንኑ ሞድ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርጉታል፣ የመጨረሻዎቹ 8 ወደ መነሻው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ሞድ በነጮቹ ቁልፎች ብቻ የሚጫወት ሆኖ ማረፊያው ዶ ሳይሆን ሬ ነው፤ ትዝታን ከአምባሰል የሚለየው ያው የማረፊያ ለውጥ በኒው ዮርክ ስቱዲዮም ሠርቷል ማለት ነው። ለጃዝ ይህ እንደ አብዮት ተቆጠረ፤ «ተቀበል!» እየተባለ ላደገ ጆሮ ግን በአንድ ቅኝት ላይ ረጅም ጊዜ ቆሞ መፍጠር እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሁለቱን ወንዞች ያገናኙት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወልደው፣ ለምሕንድስና ትምህርት ወደ ብሪታንያ ከሄዱ በኋላ ወደ ሙዚቃ አዘነበሉ፤ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት አልበሞች፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አወጡ። ዋና መሣሪያቸው ቫይብራፎን ቢሆንም በኤሌክትሪክ ፒያኖና በኦርጋንም ይጫወታሉ፤ ኢትዮ-ጃዝ የሚለው ስምም ከእርሳቸው ጋር የተቆራኘ ነው። የኢትዮ-ጃዝ አስቸጋሪ ሥራ የቅኝቱን ጣዕም ሳይገድሉ ከሥሩ ኮርድ ማኖር ሲሆን፣ ለዚህ ሞዳል ጃዝ አንድ ጠቃሚ መሣሪያ አቅርቧል፤ ይኸውም ኮርዱን በሦስተኛ ርቀት ሳይሆን በአራተኛ ርቀት መደራረብ ነው። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ በዚህ ዓይነት አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደሩ፣ ሁሉም የሜጀር ትዝታ ድምፆች ሆነው ይገኛሉ፤ አምስቱ ድምፆች ምንም ባዕድ ሳይጨመርባቸው በራሳቸው ኮርድ ይሆናሉ። በአንጻሩ አንቺ ሆዬ፣ ማለትም ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ በዚህ መንገድ አይገራም፤ ሁለት ጥንድ አራተኛዎች ይገኙና ላ ብቻውን ይቀራል፣ ከማረፊያውም በላይ ትክክለኛ አምስተኛ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ለፒያኖ ተማሪ ከአራቱ ሁሉ ከባዱ ይኸው ቅኝት ነው፤ የግራ እጁን ሥራ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዜማው መፈለግ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ ውጭም ስለሚገኝ፣ ሙላቱ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንቶቻቸው የሚያሰሙትን የድምፅ አሰላለፍ ከጃዝ ዲሚኒሽድ ስኬል ጋር እያነጻጸሩ፣ እነዚህን ሰዎች የሙዚቃ ሳይንቲስቶች ብለው ደጋግመው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእማሆይና ከሙላቱ በኋላ የመጡትም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «ሸሞንሟናዬ» በተሰኘው ሥራቸው አኮርዲዮንን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖንና ሲንተሳይዘርን ለብቻቸው በማጣመር የጥንት ዜማዎችን አዲስ ድምፅ ሰጧቸው፤ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን አሳትመዋል። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነታቸው ክራር ከለመዱ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሶፊያ ፒያኖ ተምረዋል። በአሸናፊ ከበደ መሪነት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው ያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖን ከክራር፣ ከመሲንቆና ከዋሽንት ጋር በአንድ ግቢ ማስተማሩ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የፒያኖው ተማሪ ከግድግዳው ማዶ ማረፊያውን የሚያስታውሰው መሲንቆ ይሰማልና።

በእንጅባራና በዳንግላ ኦርጋን የሚያስተምር መምህር ይህን ግቢ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊፈጥረው ይችላል። ተማሪው ኮርድ ከመማሩ በፊት ማረፊያውን በግራ እጁ ይዞ ሳይለቅ አንድ ቅኝት በድምፁ ያዚም፤ እንደ ጉባኤ ቃናው በሁለት ሐረግ ብቻ ይጀምር፣ በማግስቱም ያንኑ እንዳይደግም ይታዘዝ፤ ከላ የጀመረውን ዜማ ወደ ሚ አዙሮ ትዝታው አምባሰል ሲሆን በገዛ ጆሮው ይስማ። ከኦርጋኑ ጎን ወንበር ይቀመጥና ከአካባቢው ዋሽንተኞችና መሲንቆ ተጫዋቾች አንዱ ይጋበዝበት፤ የሚጫወተውም ዜማ በስልክም ቢሆን ይቀረጽ፣ በአዊኛ ይዜም የነበረ ከሆነ ግጥሙ በአዊኛ ይጻፍ፣ ቀጣዩም ተማሪ ከዚያ ይጀምር።