የታጠረ ስም
«ተ.ቁ» ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ

በአገራችን የሚዘጋጅ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምዱ አብዛኛውን ጊዜ «ተ.ቁ» ነው። ተራ ቁጥር ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ያው ሠንጠረዥ ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ተዛውሮ በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ ሲጠየቅ ግን ችግር ይመጣል። በኤስኪውኤል ነጥብ የሠንጠረዥን ስም ከዓምድ ስም የምትለይ ምልክት ናት። ስለዚህ ዳታቤዙ «ተ» በሚባል ሠንጠረዥ ውስጥ «ቁ» የሚባል ዓምድ ይፈልጋል፤ አያገኝምና ስህተት ብሎ ይመልሳል።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ «ደሊሚትድ አይደንቲፋየር» ይባላል። እኔ «የታጠረ ስም» ብዬዋለሁ። ከፊቱና ከኋላው ምልክት ቆሞለት፣ በመካከል ያለው ሁሉ፣ ባዶ ቦታም ይሁን ነጥብ ወይም ጭረት፣ የአንድ ስም አካል ሆኖ የሚነበብ ማለት ነው። ሌላውን የእንግሊዝኛ መጠሪያ «ኩዎትድ» ይዞ «የተጠቀሰ ስም» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን አይስማማኝም። በአማርኛ የተጠቀሰ ስም ቀደም ሲል የተነሣ ስም ነውና አንባቢን ያሳስታል። አጥር ሥራውን በትክክል ይናገራል፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የአንድ ግቢ ነው።

ስህተት ብሎ መመለሱስ ደግ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። «ቀን/ወር» የሚል ዓምድ አለ እንበል፤ በዚያው ሠንጠረዥ «ቀን» እና «ወር» ለየብቻቸውም አሉ። ስሙ ሳይታጠር ከተጻፈ ዳታቤዙ እዝባሯን እንደ ማካፈያ ያነባትና፣ ቀኑ 12 ወሩ 3 ከሆነ፣ 12ን ለ3 አካፍሎ 4 ይሰጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ቁጥሩ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። «የአባት ስም» ሳይታጠር ሲቀር ደግሞ «የአባት» እንደ ዓምድ፣ «ስም» ለዚያ ዓምድ እንደ ወጣ ሌላ መጠሪያ ይወሰዳል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል መስፈርት አጥሩ ቀጥ ያለ ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ነው ይላል። ፖስትግሬስና ኦራክል የተባሉት ዳታቤዞች ይህንኑ ይከተላሉ። ማይኤስኪውኤል በተለምዶ የሚያጥረው ከቁጥር 1 ቁልፍ በስተግራ ባለችው፣ ወደ ኋላ ባዘነበለችው ነጠላ ጭረት ነው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በአራት ማዕዘን ቅንፍ። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ግን አጥር አይደለም፤ የሚያቅፈው በዓምዱ ውስጥ ያለውን የጽሑፍ መረጃ ነው። እኛ በአማርኛ ጽሑፍ የለመድነው « » እንዲሁም ዎርድ የሚያጎብጠው ጥቅስም አያጥሩም፤ ጥያቄውን (ኩዌሪውን) ዎርድ ላይ ጽፎ መገልበጥ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ራሳችን በምናዘጋጀው ሠንጠረዥ አጥር የማይፈልግ ስም ብናወጣ ይሻላል፤ «የአባት_ስም» በቂ ነው። የሌላ ሰው ሠንጠረዥ ሲደርሰን ግን ስሙን እንዳለ እንጠረው። የምናወጣው ስምም አጭር ይሁን፦ ፖስትግሬስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ ከ21 ፊደል በላይ ያለው ተቆርጦ ይቀራል።

አጥር የፊደል ልዩነትንም አያስታርቅም። ዓምዱ «ዓመት» ተብሎ ከተሰየመ፣ «አመት» ብሎ ያጠረ ሰው አያገኘውም።