ስለራሱ መጽሐፍ ሂስ የጻፈው ገጣሚ

ጁላይ 6 ቀን 1855 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) «ኒው ዮርክ ትሪቡን» ጋዜጣ ላይ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ወጣች። «የሣር ቅጠሎች» የሚባል የግጥም መጽሐፍ ታትሟል፣ ዋጋው 2 ዶላር ነው፣ ብሩክሊንና ኒው ዮርክ ባሉ መደብሮች ይገኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከአምስት ቀን በኋላ የገጣሚው አባት ሞቱ። ማስታወቂያዋ ገዢ አላጎረፈችም። ግን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ገጣሚው ዋልት ዊትማን ነው። ዛሬ በስሙ ትልቅ ድልድይ አለ፤ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሁሉ ስሙን ሳይሰማ አያልፍም። ያኔ ግን የ36 ዓመት ሰውዬ ነው፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር። በልጅነቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቀማ ተምሯል፤ «ብሩክሊን ዴይሊ ኢግል» የሚባል ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቶ ወጥቷል፤ ከዚያ እንጨት እየቆረጠ ቤት ሲሠራና ሲሸጥ ቆይቷል። አሳታሚ አልነበረውም። ስለዚህ ብሩክሊን ውስጥ ሮም የሚባሉ ወንድማማቾች ትንሽ ማተሚያ ቤት ሄዶ በራሱ ወጪ አሳተመ። የተወሰኑትን ገጾች ፊደል የለቀመው ራሱ ነው። 95 ገጽ፣ 12 ግጥም። ጠቅላላው ቅጂ 795።

ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይቺ 795 የምትባል ቁጥር ደስ ትለኛለች። 1000 አይደለችም፣ 800 አይደለችም። የምናውቃትም ከጠራዡ ሒሳብ ነው። ሁሉም ቅጂ አንዴ አልተጠረዘም፤ መጀመሪያ ላይ 200 ያህሉ በአረንጓዴ ጨርቅና በወርቅ ቅብ አምሮ ተጠረዘ። የቀረው ቆይቶ በየተራ፣ እያደር ወርቁ እየቀነሰ፣ መጨረሻ ላይም በርካሽ ሽፋን ወጣ። ዋጋውም ወዲያው ከ2 ዶላር ወደ 1 ወረደ። ይህንን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፦ መጽሐፉ አልሄደም።

ሽፋኑ ላይ የደራሲ ስም የለም። የርዕስ ገጹም ላይ የለም። በስም ፈንታ ሥዕል አለ፤ ኮፍያውን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ሌላውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የሸሚዙን አንገት ከፍቶ የቆመ ጎልማሳ። በዚያ ዘመን ገጣሚ የሚታየው በሱፍና በክራቫት ነበር። ዛሬ «ፐርሰናል ብራንድ» የሚሉን ነገር ይኼ ነው። ስምህን ሳትናገር መልክህን ትሸጣለህ። ስሙን ለማግኘት የቅጂ መብት ማስታወሻውን ማንበብ ወይም ረጅሙ ግጥም መሐል ድረስ መዝለቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ።

መጽሐፉን ከሚያከፋፍሉት ዋነኞቹ ፋውለር ኤንድ ዌልስ ይባላሉ። ሥራቸው በራስ ቅል ቅርጽ ጠባይ ማንበብ ነው፤ ጭንቅላትህን ይዳስሱና «ጥንቃቄህ ስድስት፣ ለራስህ ያለህ ግምት ስድስት» እያሉ ነጥብ ይሰጡሃል። ዊትማን በ1849 ሄዶ አስነብቦ ነበር፤ ነጥቡም ከፍተኛ ወጣለት። ያንን የነጥብ ሰንጠረዥ በኋላ ለመጽሐፉ ማስተዋወቂያ ደጋግሞ አሳትሞታል። (ሲቪ ላይ የኦንላይን ሰርተፍኬት መደርደር አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ።) ድርጅቱ መጽሔትም ነበረው። በዚያ መጽሔት፣ በ«ዩናይትድ ስቴትስ ሪቪው» እና በ«ብሩክሊን ዴይሊ ታይምስ» ላይ በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ሦስት ሂሶች ወጡ። ሦስቱም ያለ ጸሐፊ ስም። ሦስቱንም የጻፈው ዊትማን ራሱ ነው።

ሲያሞግስም እንዲህ እንዲያ አይምሰላችሁ። በአንደኛው አሜሪካ በስተመጨረሻ ገጣሚዋን አገኘች ብሎ ያውጃል። በአንዱ ራሱን ከእንግሊዙ ቴኒሰን ጋር ያስተያያል፤ ቴኒሰን ያኔ የዘመኑ ትልቅ ስም ነው። በሌላው ደግሞ ስለ ገጣሚው ጤንነት ያወራል፤ ዕድሜው 36 ነው፣ በሕይወቱ መድኃኒት ቀምሶ አያውቅም ይላል። እኔ ይህንን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። የትኛው ሐያሲ ነው የሚገመግመው ገጣሚ መድኃኒት ወስዶ እንደሚያውቅና እንደማያውቅ የሚያውቀው? በ1856 ኅዳር የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ሐያሲ ይህንን የራስ ሙገሳ አጋልጦ ወቅሶታል።

እዚህ ጋ ለምን ዊትማን ላይ እንደተጣበቅኩ ልናገር። አንድ ጓደኛዬ የግጥም መድበል አሳትሟል። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ የማተሚያ ቤቱን ግማሽ ክፍያ ከደመወዝህ፣ ግማሹን ከዕቁብ። የምረቃው ቀን አዳራሹ ይሞላል፤ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የሰፈር ልጅ፤ በማግስቱ ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። መጽሐፍ ቤቶች ጥቂት ቅጂ ወስደው «ሲሸጥ እንደውልልሃለን» ይላሉ። አዟሪዎቹ ክንዳቸው ላይ የሚደረድሩት የሚሄደውን ነው፤ አይፈረድባቸውም፣ የተሸከሙት በጉልበታቸው ነው። እና ጓደኛዬ አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ «አንተ ኮድ ትጽፍ የለ? ሃምሳ ስልሳ አካውንት ከፍተህ አስተያየት የሚሞላ ነገር ሥራልኝ፤ አምስት ኮከብ፣ ደህና ደህና ቃል» አለኝ። ለመሥራቱ የከሰዓት ሥራ ነው። አልሠራም አልኩት። «ታዲያ ማን ያነበዋል?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፣ በእውነት እየጠየቀኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ሥነ ምግባር መልስ አይሆንም። አልጋው ሥር ያሉት ካርቶኖች አሉ።

ስለዚህ የዊትማንን ታሪክ ያነበብኩት እንደ ሶፍትዌር ሰው ነው፦ ከሞከራቸው ነገሮች የትኛው ሠራ? የትኛው አልሠራም?

ሦስቱ የውሸት ሂሶች አልሠሩም። መጽሐፉ ከወጡም በኋላ አልተሸጠም። ዊትማን በ1856 ሺህ ቅጂ አሳትሜ በቀላሉ ተሸጠልኝ ብሎ ጽፏል፤ ሸምግሎ ግን ለወዳጁ ለሆረስ ትራውበል፣ ከእነዚያ መጻሕፍት የተሸጠ የለም ማለት ይቻላል ብሎ ነግሮታል። ከ795ቱ ላይ ሺህ ማድረጉን ልብ በሉ።

የሠራው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅጂ ማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ ለሚኖረው ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ላከ። ኤመርሰን ያኔ በአሜሪካ የመጻሕፍት ዓለም ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። አነበበው። ጁላይ 21 ቀን መልስ ጻፈ፦ አሜሪካ እስካሁን ካበረከተችው ጥበብ ሁሉ የሚደነቅ ነው፣ ትልቅ ጉዞ ስትጀምር ሰላም እልሃለሁ የሚል መንፈስ ያለው አምስት አንቀጽ ገደማ ደብዳቤ። እና እዚያው ውስጥ አንድ ነገር ይናገራል። ትናንት ማታ መጽሐፉን ጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ እስካየሁ ድረስ፣ ስምህ እውነተኛ መሆኑን፣ ደብዳቤ ሊደርስህ እንደሚችልም እርግጠኛ አልነበርኩም ይላል። ሽፋኑ ላይ ስም የለማ! ማስታወቂያ ገዢ ባያመጣም አድራሻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይኼንን ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን የሚያስመሰግን አይደለም። የ«ትሪቡን» ባልደረባ የነበረው ቻርልስ ዴና ደብዳቤውን ላሳትመው ሲለው ዊትማን ፈቀደ፤ ኦክቶበር 10 ጋዜጣው ላይ ወጣ። ኤመርሰን አልተጠየቀም። የግል ደብዳቤ ነው እኮ፤ ዛሬ የኢንቦክስ ስክሪንሾት ያለ ፈቃድ መለጠፍ ማለት ነው። ዊትማን የደብዳቤውን የታተመ ቅጂ በቀሩት መጻሕፍት ውስጥ ማስገባት ጀመረ። በ1856 ሁለተኛው እትም ሲወጣ (12ቱ ግጥሞች 32 ሆነዋል) ከደብዳቤው አንዷን ዓረፍተ ነገር ከነኤመርሰን ስም መጽሐፉ ጀርባ ላይ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው በኩል፣ በወርቅ አሳተማት። ኤመርሰን እነዚያን አዳዲስ 20 ግጥሞች አላያቸውም። ያመሰገነው አንድ መጽሐፍ ነው፣ ምስጋናው የተለጠፈው ሌላ መጽሐፍ ላይ ነው።

የእኛ አገር መጻሕፍት የጀርባ ሽፋን ትዝ አላችሁ? «የዚህ ወጣት ብዕር…» ብሎ የሚጀምር የታዋቂ ሰው አስተያየት። እኔ አንዳንዴ ሰውየው መጽሐፉን ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ኤመርሰን ግን አንብቦ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የደብዳቤው ጉልበትም ከዚያ ነው የመጣው። ተቀይሞ እንኳ ግንኙነቱን አልቆረጠም፤ በ1855 ታኅሣሥ ብሩክሊን ድረስ መጥቶ ጎብኝቶታል።

ይልቅ የኔን ቀልብ የገዛው የ1860ው ነገር ነው። ቴየርና ኤልድሪጅ የሚባሉ ወጣት የቦስተን አሳታሚዎች ራሳቸው ጽፈው መጽሐፍህን እናትም አሉት። ከሦስተኛው እትም ጋር በነጻ የሚታደል 64 ገጽ ቡክሌት ወጣ፤ በውስጡ ስለ መጽሐፉ የተጻፉ ሂሶች ተሰብስበዋል። የዊትማን የራሱም አሉበት፤ ይኼ አይገርምም። የሚገርመው ስድቦቹም መኖራቸው ነው። ሩፈስ ግሪስወልድ መጽሐፉን እንደ ቆሻሻ የቆጠረበት ሂስ ሳይቀር አለበት። አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ራሱ ይፍረድ ነው ነገሩ። ሁሉም አምስት ኮከብ የሆነ ገጽ ሳይ እጄ ወደ ኋላ ይላል፤ አንድ ኮከብ የሰጠውን ሰው ነው መጀመሪያ የማነበው። ዊትማን ይህንን ከእኛ 150 ዓመት በላይ ቀድሞ አውቆታል። አሳታሚዎቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ከሰሩ።

በ1873 ሽባነት መታው። ካምደን፣ ኒው ጀርሲ ወንድሙ ቤት ገባ። በጃንዋሪ 1876 የአካባቢው ጋዜጣ ላይ ያለ ስም አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ ዋልት ዊትማን አርጅቶ፣ ታሞ፣ ደኽይቶ ነው፣ አሜሪካ ረስታዋለች፣ አሳታሚዎች ፊታቸውን አዙረውበታል ይላል። ጸሐፊው ማን ይመስላችኋል? አዎ። ጽሑፉን ቆርጦ እንግሊዝ ለሚኖር ወዳጁ ለዊልያም ማይክል ሮሴቲ ላከለት። እዚያ ወሬው ተቀጣጠለ፣ ሮበርት ቡካናን ጋዜጣ ላይ አሜሪካውያንን ወረደባቸው፣ አሜሪካውያኑ ተከላከሉ። በዚህ መሐል የእንግሊዝ ደራስያንና አንባቢዎች ገንዘብ እየላኩ አዲሱን ባለ ሁለት ቅጽ እትም አዘዙ፤ አንዱ 5 ዶላር፣ ሁለቱ 10። ዊትማን እየፈረመ፣ እየጠቀለለ፣ በፖስታ ራሱ ላከ። አከፋፋይ የለ፣ ኮሚሽን የለ።

ይህኛው ውሸት ነበር? የተጋነነ ነው። ሙሉ በሙሉ የተረሳ ሰው አልነበረም። ግን ታሟል፣ ገንዘብም የለውም፣ ትልልቆቹ አሳታሚዎችም አይነኩትም። ከ1855ቱ ጋር ሳነጻጽረው እኔ ልዩነት አይበታለሁ። ያኔ አንባቢ ሆኖ ነው የዋሸው፤ ያላነበበ ሰው «አነበብኩ፣ ተደነቅኩ» እንደሚል ማለት ነው። እዚህ ስለ ገጣሚው ኑሮ ነው ያወራው፤ መጽሐፉን ገዝቶ የሚፈርደው አንባቢው ነው። ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «ፍልስፍና ነው» ብሎኛል። ሆኖም ለሠላሳ ሰው መጽሐፉን ከነማስታወሻ ለመላክ ተስማምተናል፤ ስም ዝርዝሩን አብረን ሠራን። እስካሁን ሁለቱ መልሰዋል። አንደኛው አልወደደውም፤ ግን ሦስተኛውን ግጥም መስመር በመስመር ተንትኖ ነው ያልወደደው።

ዊትማንን ቤት ያስገዛው ደግሞ ማንም ያላቀደው ማርኬቲንግ ነው። በ1881 ኦስጉድ የሚባል ስመ ጥር የቦስተን አሳታሚ መጽሐፉን አወጣ። በማርች 1882 የቦስተኑ ዐቃቤ ሕግ መጽሐፉ ጸያፍ ነው ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኦስጉድ አንዳንድ ግጥም ይውጣ ሲል ዊትማን እንቢ አለ፤ ኦስጉድ ተወው። የማተሚያ ሰሌዳውን፣ የተረፉ ቅጂዎችንና 100 ዶላር ይዞ ፊላደልፊያ ሄደ። እዚያ ሪስ ዌልሽ የሚባል አሳታሚ አወጣለትና የመጀመሪያው ዙር እትም በአንድ ቀን ገደማ አለቀ። 27 ዓመት ሙሉ የራስ ሙገሳ፣ የወርቅ ፊደልና የራስ ቅል ሰንጠረዥ ያላመጡትን ገዢ አንድ ዐቃቤ ሕግ አመጣው። ዊትማን በ1884 በ1750 ዶላር ካምደን ውስጥ ቤት ገዛ። ያኔ 64 ዓመቱ ነበር።

ይህንን ሲያነቡ «ክልከላ ምርጥ ማስታወቂያ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኛ አገር ግን ይህንን በቀላሉ መናገር ይከብደኛል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ከገበያ ተሰበሰበች፤ ሰው በድብቅ እየተቀባበለ አነበባት። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ዊትማንን ያሳደደው ሕግ ደብዳቤ የሚጽፍ ሕግ ነበር።

«የሣር ቅጠሎች»ን ዊትማን 37 ዓመት ሙሉ ሲጨምርበት፣ ሲቀንስ፣ ሲያስተካክል ኖሯል፤ 12 የነበሩት ግጥሞች ወደ 400 ተጠጉ። የኔ ሙያ ሰዎች ቢሆኑ ቨርዥን ሰባት፣ ስምንት እያሉ ይቆጥሩት ነበር። በ1892 መጀመሪያ፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ የመጨረሻው እትም መውጣቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለ«ኒው ዮርክ ሄራልድ» ላከ። ዋልት ዊትማን ለሕዝቡ በአክብሮት ያስታውቃል የሚል መንፈስ ያለው ነው፤ እንደ ድሮው ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ይናገራል። በዚህኛው ግን ሙገሳ የለም። መጽሐፉ ጉድለት እንዳለበት ያምናል፣ ቢሆንም ከእንግዲህ ሌላውን ሁሉ የሚተካ እትም ይኼ ነው ይላል። ማርች 26 ሞተ።