ከጫካው ማማ እስከ እንሰቱ ጓሮ፦ ቢጫ ወባን በአራዊት ላይ የመጠበቅ ታሪክ

ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው ባሉት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረዳዎች የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ፣ በኋላ በተደረገው ግምት መሠረት፣ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለሕመም ዳርጎ እስከ 30 ሺህ የሚደርስ ሕይወት አጥፍቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወረርሽኙ በእኛ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው።) ዳሩ ግን በሽታው ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም። በጫካ ውስጥ በማን ደም እንደሚኖር፣ በየትኛዋ ትንኝ አማካይነት ወደ ሰው ጓሮ እንደሚሻገር፣ ከኦሞ እምብዛም በማትርቀው በኡጋንዳ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ተጠንቶ ነበር። ዕውቀቱ እያለ ሕዝቡ ስለ ምን አለቀ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ዕውቀቱ የተገኘበትን መንገድ መከተል ያሻል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ቢጫ ወባ» የሚለው አጠራር አሳሳች ነው። በሽታው ከተለመደው ወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ መንሥኤው ቫይረስ ስለሆነ የወባ መድኃኒት አይነካውም። ጉበትን ሲያጠቃ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉና ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ማክስ ታይለር በ1937 ያዘጋጀው ክትባት ግን እጅግ አስተማማኝ ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «መቼና የት ይከተብ?» የሚለው ነው።

የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ ሲያስታውቅ ሰሚ አላገኘም ነበር። በ1900 በዋልተር ሪድ የሚመራው የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ቡድን በሃቫና እውነቱን አረጋገጠለት። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የእኛ የመሐንዲሶች ሥራ መሰለ፤ በጋንና በበርሜል ውሃ የምትራባውን ኤዲስ ኢጂፕቲ የተባለችውን ትንኝ ማጥፋት፣ ውሃ መክደን፣ ቦይ ማጽዳት። ሃቫናና ፓናማ በዚህ ዘዴ ስለዳኑ በሽታው ከምድረ ገጽ ይጠፋል ተብሎ ተስፋ ተጣለ። ይሁን እንጂ በ1932 ብራዚል ውስጥ ቫሌ ዶ ካናአን በተባለው የገጠር ሸለቆ ያቺ የከተማ ትንኝ ሳትኖር ሰዎች በቢጫ ወባ ታመሙ። ፍሬድ ሶፐር ይህን ዓይነቱን «የጫካ ቢጫ ወባ» ብሎ ሰየመው። በኮሎምቢያም ሆርሄ ቦሼል የተባለው ሐኪም እንጨት ቆራጮች አንድ ትልቅ ዛፍ ሲጥሉ ቆሞ ሲመለከት፣ ከዛፉ አናት ጋር አብረው የወረዱ ሰማያዊ ትንኞች ሰዎቹን ሲከቡ አየ። ትንኞቹ የዘወትር ኑሯቸው ከላይ ከጦጣዎች ዘንድ ነበር። ሰው በመጥረቢያው አወረዳቸው።

የሮክፌለር ፋውንዴሽን በ1936 በኡጋንዳ ኤንቴቤ የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም አቋቋመ። የተቋሙ ሠራተኞች በቡዋምባ አካባቢ የጦጣዎችን ደም ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ቀድሞ በቫይረሱ ተይዘው የዳኑ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት አገኙ። ታዲያ ማን ያስይዛቸዋል? በአገራችን ገበሬ ማማ የሚሠራው ዝንጀሮንና ወፍን ከአዝመራው ለማባረር ነው። አሌክሳንደር ሃዶውና ባልደረቦቹ ግን የዛፎቹን አናት ኑሮ ለመሰለል በዛፎች ላይ ማማ ሠሩ። የአካባቢው ሰዎች በየእርከኑ ተቀምጠው፣ በራሳቸው ገላ ላይ የሚያርፉትን ትንኞች ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በፈረቃ እየያዙ በየሰዓቱ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። በኋላም 120 ጫማ ከፍታ ያለው የብረት ማማ በምፓንጋ ጫካ ተተክሎ ኋላ ወደ ዚካ ጫካ ተዛወረ። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ማማ እንደ አንድ የመለኪያ መሣሪያ እንዲመለከቱት እፈልጋለሁ፤ የሚለካው ከፍታንና ሰዓትን ነውና።

ከመለኪያው የተገኘው ውጤት እነሆ። ኤዲስ አፍሪካኑስ የተባለችው ትንኝ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዛፎች አናት ላይ፣ ጦጣዎች በሚያድሩበት ስፍራ፣ ትበረታለች፤ በሽታውን ከጦጣ ወደ ጦጣ የምታመላልሰው እርሷ ናት። ጦጣዎቹ ቀን ቀን ሙዝ ለመስረቅ ወደ ሰው ማሳ ይወርዳሉ። በዚያ ደግሞ ሌላይቱ፣ ኤዲስ ሲምፕሶኒ፣ ትጠብቃቸዋለች፤ የምትራባውም የሙዙ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገጥምበት ስርጉድ ውስጥ በሚጠራቀመው ጥቂት ውሃ ነው። ከጦጣው የወሰደችውን ቫይረስ ለገበሬው ታቀብለዋለች። ጥበቃው ያልተፈለገውን ጭምር አስገኝቷል። በሚያዝያ 1947 በዚካ ጫካ በዛፍ ላይ በጎጆ ተቀምጣ ለቢጫ ወባ ጥበቃ የተመደበች ቁጥር 766 የሆነች ጦጣ ትኩሳት ያዛት። ከደሟ የወጣው ቫይረስ ግን ቢጫ ወባ ሳይሆን እስከዚያ ያልታወቀ ሌላ ነበር፤ በጫካውም ስም ዚካ ተባለ። ዓለም በሰፊው የሰማው ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ በብራዚል ሲዛመት ነው።

ወደ ኦሞ ልመለስ። በዚያ ሙዝ ብቻ ሳይሆን እንሰትና ጎደሬ አለ፤ የሁለቱም ቅጠል እንደ ሙዙ ውሃ ይቋጥራል። ኢትዮጵያዊ ገበሬ እንሰቱን የሚተክለው ደግሞ ከደጃፉ ነው። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ሴሪዬና ጓደኞቹ ባካሄዱት ጥናት፣ ኤዲስ ሲምፕሶኒ በመንደሮቹ በእንሰትና በጎደሬ ላይ፣ ኤዲስ አፍሪካኑስም በጫካው ተገኝተዋል። የጉሬዛ፣ የዝንጀሮና የጦጣ ደምም ተመረመረ። የኤንቴቤው ሥዕል ሙዙ በእንሰት ተተክቶ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተደረገው ሕዝቡ መሞት ከጀመረ በኋላ ነበር። በ1940 በጎረቤት ሱዳን በኑባ ተራሮች ወደ 15 ሺህ ሰው ታሞ ወደ 1,600 የሚሆን ሲሞት፣ በሽታው በአካባቢያችን እንዳለ ታውቆ ነበር። የኦሞ ነዋሪ ግን በአብዛኛው አልተከተበም፤ በጫካውም ማማ አልቆመም።

አንድ ልዩ ችግር መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። ቫይረሱ ወደ አሜሪካ አህጉር የተሻገረው በባሪያ ንግድ መርከቦች ስለሆነ፣ በዚያ ያሉት ጦጣዎች ገና አልተላመዱትም፤ በተለይ ጯሂ የሚባሉት ጦጣዎች ሲያዙ ይረግፋሉ። በብራዚል የሞተ ጦጣ ማግኘት ለጤና ባለሥልጣን የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። በ2017 በሳኦ ፓውሎ ከተማ በአንድ መናፈሻ ሞቶ የተገኘ ጦጣ በቢጫ ወባ መሞቱ ሲረጋገጥ መናፈሻው ተዘግቶ በአካባቢው ክትባት ተጀመረ። ያም ሆኖ ከ2016 እስከ 2018 በአገሪቱ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ700 በላይ ሞተዋል። ሕዝቡም በየስፍራው «በሽታውን የሚሰጠን ጦጣው ነው» እያለ ጦጣ ገደለ፤ ደወሉን ራሱን መስበር ማለት ይኸው ነው። በአፍሪካ ግን ጦጣው ከቫይረሱ ጋር ለብዙ ዘመን ስለኖረ ይያዝና ሳይታወቅበት ይድናል። የእኛ ጉሬዛ ሞቶ አያስጠነቅቀንም። ምልክቱን የሚሻ ሰው ጫካ ገብቶ ደም መውሰድና ትንኝ መያዝ አለበት፤ ይህንንም በሽታ በሌለበት ዓመት ጭምር።

መሐንዲስ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎርፍን ከድልድዩ ሥር ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ መለኪያው የሚተከለው ከላይኛው ተፋሰስ ነው፤ ለአሥር ዓመት ጎርፍ ባይመጣም ንባቡ አይቋረጥም። በጫካው ላይ የሚደረገው ጥበቃ ግን ጸጥ ባሉት ዓመታት በጀቱ የሚቀነስበት ሥራ ነው። በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 በጉራጌ እነር እናር ወረዳ ቢጫ ወባ እንደገና ተነሥቷል። በኦፋ ከተጠረጠሩት 35 ሕሙማን 10 ሞተዋል። ወላይታም ጉራጌም የእንሰት አገር ናቸው። በሦስቱም ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የታየው በታመመ ሰው ላይ ነበር።

መንገድና ግድብ ስንሠራ ወደ ጫካው ቀድሞ የሚገባው የእኛ ቀያሽና የእኛ ዛፍ ቆራጭ ነው። የካምፕ ዕቅድ ስናዘጋጅ የውሃ ጕድጓዱንና የነዳጅ ጋኑን እንጽፋለን። ሠራተኛው ከመግባቱ አሥር ቀን በፊት መከተቡን፣ በመስመሩ ላይ የሚያድሩትን የጦጣ መንጋዎች ስፍራና በካምፑ ዙሪያ ያለውን የእንሰት ተክል ግን በዕቅዱ ላይ ማስፈር አልለመድንም። የአፈር ናሙና የሚወስደው ቡድን የትንኝ ወጥመድ ይዞ ቢወጣ የሚጨምረው ጭነት አንዲት ትንሽ ሣጥን ናት።