የመሬት መንሸራተት (ከሚሴና ምሥራቃዊው የወሎና የሸዋ ገደላማ ጠርዝ)

የመሬት መንሸራተት ወይም ናዳ አፈር፣ ድንጋይና ጭቃ ከተዳፋት ላይ ለቀው ወደ ታች የሚወርዱበት ክስተት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴንና ከበላይዋ የተዘረጋውን ገደላማ ጠርዝ ሲሆን፣ ተመሳሳይ መልክዓ ምድር ያላቸውን ደሴንና ደብረ ሲናንም በከፊል ይነካል። በአልፕስና በሂማላያ ተራሮች ሙቀት ሲገባ የሚወርደው የበረዶ ናዳ በኢትዮጵያ የለም። በጸባዩ የሚቀርበው ግን በክረምት ውሃ የጠገበ ተዳፋት መሬት ነው፤ በሁለቱም ቦታ ናዳውን የሚያስነሣው ከውስጥ የሚሠራ ውሃ ነው።

መልክዓ ምድር

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ የተቀመጠችው የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት፣ በሁለት ከፍታዎች መካከል በሰመጠ ረባዳ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል መሬቱ በአጭር ርቀት ወደ ደጋው ይወጣል፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለው የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋን ይበልጥ የሚያሰጋት ጎርፍ ነው። መንሸራተቱ የሚያገኘው በተዳፋቱ ላይ የሰፈሩትንና የሚያርሱትን ነው።

ገደሉን የሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሱ የባዛልት ንጣፎችና በመካከላቸው የተጋደሙ የእሳተ ገሞራ አመድ ድርብርቦች ናቸው። የአፋር ምድር ሲሰምጥ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረጃ ቀረ። ባዛልቱ ስንጥቅ ስለሚበዛው ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል፤ አመዱ ግን በዘመናት ወደ ሸክላ ተለውጦ ውሃውን ያግደዋል። ውሃው እዚያ ሲጠራቀም የላዩን ክብደት ከመሸከም አልፎ ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል፤ አፈሩን ከአለቱ ጋር የያዘው መጋጠሚያም ይላላል። ከገደሉ ግርጌ የተከመረው ልቅ አፈርና ድንጋይ፣ ለእርሻ የሚወደደው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ለመንሸራተት ቅርብ የሆነውም እሱ ነው።

ዝናብና ጊዜው

አካባቢው ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግና ክረምት። ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይጠነክራል።

የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ 1953 ዓ.ም.

በአካባቢው ከደረሱት ክስተቶች በስፋት የተመዘገበው የ1953 ዓ.ም. ነው። በግንቦት መጨረሻ ከከሚሴ በስተደቡብ በካራቆሬና በማጀቴ ዙሪያ ምድር ተናወጠች። የዋናው መንቀጥቀጥ መጠን ከ6 በላይ እንደነበር ይገመታል። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ አጡ። በዚያን ጊዜ እስከ አስመራ ይዘልቅ የነበረው ዋናው አውራ ጎዳና በናዳና በመሬት ስንጥቅ ተጎዳ።

ለዚህ መዝገብ ከሁሉ በላይ ባለውለታው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። በአዲስ አበባ የኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዘመኑ የመለኪያ ጣቢያዎች ጥቂት ስለነበሩ መሣሪያ የሚያመለክተው የመነሻ ቦታና ቤት የፈረሰበት ቦታ ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ስለዚህ በመስክ የታየው ጉዳት የመረጃው ዋና አካል ሆኖ ይቆጠራል።

የናዳዎቹ መንስኤ ምን ያህል መንቀጥቀጡ፣ ምን ያህልስ ውሃው ነው የሚለው አከራካሪ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ዋናው ክረምት ሳይገባ በመውረዳቸው በንዝረቱ የተቀሰቀሱ መሆናቸው ብዙ አያጠራጥርም። ይሁንና ተከታታይ ንዝረቶቹ ለወራት ቀጥለው ክረምቱን አግኝተዋል። ምድር የከፈተችውን ስንጥቅ ዝናብ ሲሞላው ሁለቱን መንስኤዎች መለየት ያስቸግራል። በዚህ ጠርዝ ላይ አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መተው ትክክል አይመስልም።

የናዳ ሰነድ አውራ ጎዳናውን የሚከተል መሆኑም መታሰብ አለበት። መንገድ ሲዘጋ ይጻፋል። ከመንገዱ ርቆ በአርጡማ ፉርሲ ወይም በደዋ ሐረዋ ወረዳ ተዳፋት ላይ አንድ ማሳ ሲወርድ ግን የሚያውቀው ባለማሳው ነው።

ደብረ ሲናና ደሴ

እ.ኤ.አ. በ2005 በደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ ሰፊ መሬት ተንሸራትቶ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ጊዜው የክረምቱ መውጫ፣ መስከረም አካባቢ መሆኑ ትኩረት ይሻል። ጥልቅ መንሸራተት የሚነሣው በአንድ ቀን ዶፍ ብቻ አይደለም፤ ለሳምንታት የሰረገ ውሃ ሲደራረብ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሰው ይረጋጋል፤ በመሬት ውስጥ ያለው ውሃ ግን ያኔ ገና ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ስትሆን የመሬት መንሸራተቷ በተደጋጋሚ በአጥኚዎች ተመርምሯል።

በረዶ በኢትዮጵያ ተራሮች

በከሚሴ አካባቢ በረዶ ሲባል ከዝናብ ጋር የሚወርደው ነው፤ በደጋው በበጋ ሌሊት ደግሞ አመዳይ ይጥላል። በሰሜን ተራሮች በራስ ዳሸን ከፍታ በረዶ አልፎ አልፎ ይጋገራል፤ ብዙም ስለማይቆይ ግን ናዳ አይሆንም። በእነዚህ ተራሮች በረዶ ለመኖሩ ጥንታዊው ምስክር በአዱሊስ ወደብ የነበረው ጽሑፍ ነው። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ያቆመውን ይህን ጽሑፍ ተጓዡ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን የገለበጠው ሲሆን፣ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ ይሰምጥ እንደነበር ይናገራል። በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ በረዶ መኖሩን ጽፏል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በረዶ አለማየቱን ገለጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1810 የመጣው ሄንሪ ሶልት ግን አይቻለሁ ብሎ፣ ብሩስ ወደ ከፍታው ባለመዝለቁ ሳያየው መቅረቱን አስረዳ። የሶልት ማብራሪያ አሳማኝ ነው።

በክረምት መጓዝ

በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የሚገናኙት የደጋና የቆላ ሰዎች በክረምትም መንገዳቸውን አይተዉም። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ገደል መውጣትም ሆነ ወንዝ መሻገር በጠዋት ይሻላል። ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ የደፈረሰና ቅጠል የያዘ ውሃ ሲታይ ከወንዙ መውጣት ይገባል። አዲስ ናዳ ባለፈበት ቦታ ላይ መቆም፣ ለማየትም ሆነ ለማረፍ፣ አደገኛ ነው።

ምልክቶች

ከማሳ ወይም ከቤት በላይ በግማሽ ክብ የተከፈተ ስንጥቅ፤ ያዘመመ ዛፍና አጥር፤ አልዘጋ የሚል በር፤ ባልነበረበት የፈለቀ ወይም ድንገት የደፈረሰ ምንጭ። እነዚህ ሲታዩ ከብትንና እህልን ለማውጣት ሳይዘገዩ ሰውን ወደ ጎን፣ ከተዳፋቱ መስመር ውጪ ማሸሽ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱበት አደጋ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ከተሰበሰቡት ብዙዎቹን ሁለተኛው ናዳ ቀብሯቸዋል። ወገንን ለማዳን መሮጥ የሚከበር ነው፤ ከበላይ ያለውን ገደል የሚመለከትና የሚጮህ ሰው ሳያቆሙ መቆፈር ግን መጀመር የለበትም።

መከላከል

በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን)፣ በድጋፍ ግንብና በውሃ ማስወገጃ ቦይ መንገዶች ይጠበቃሉ። እርከን አፈርን ከመሸርሸር ያድናል፤ መንቀሳቀስ በጀመረ ተዳፋት ላይ ግን ውሃ አቁሮ የሚያሰርግ ትሬንች ጉዳቱን ሊያብሰው ስለሚችል፣ እዚያ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ይመረጣል።