የሴሊያክ ሕመምና ቃር አብረው ሲከሰቱ የሰውነት ክብደትንና ጉልበትን ስለመጠበቅ

የሴሊያክ ሕመም በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ በሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ምክንያት የሚቀሰቀስ፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም ነው። ግሉተን ወደ ሰውነት በገባ ቁጥር የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን ትንሽ አንጀት ይጎዳል። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ያሉት፣ ከምግብ የተገኘውን ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚያስገቡት ጥቃቅን ጣት መሰል አካላት ስለሚጠፉ ታካሚው እየበላም ሊከሳ፣ ሊደክምና ደም ሊያንሰው ይችላል። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል።

ቃር የሚባለው ደግሞ በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ተመልሶ ሲወጣ በደረት አካባቢ የሚሰማው ማቃጠል ነው። በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። በሴሊያክ ሕመም በሚሠቃዩ ሰዎች ዘንድ ቃር በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ግሉተንን ሙሉ በሙሉ ካቆሙ በኋላ የሚቀልላቸውም ብዙዎች ናቸው።

ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሲገኙ ዋነኛው ችግር የምግብ መጥበብ ነው። ታካሚው ለአንጀቱ ሲል ስንዴንና ገብስን፣ ለቃሩ ሲል ቅባትን፣ ቲማቲምንና በርበሬን፣ ከዚያም በጥርጣሬ ሌላውን እየተወ ይሄድና የቀረው ምግብ የቀን ፍላጎቱን የማይሸፍን ይሆናል። ስለዚህ ክብደትን ለመጠበቅ የመጀመሪያው እርምጃ የትኛው ምግብ ፈጽሞ እንደማይነካ፣ የትኛው ደግሞ በመጠን እንደሚወሰድ ለይቶ ማወቅ ነው።

ምርመራው ሳይጠናቀቅ ግሉተንን አለማቆም

የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ፣ የክብደት መቀነስና ማቃጠል በአገራችን በተለምዶ «ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ይሁንና ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሕመሞች በርካታ ናቸው። ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ሕመምና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል።

የሴሊያክ ሕመም በመጀመሪያ በደም ምርመራ ይጣራል። በአዋቂዎች ላይ በአብዛኛው በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ይረጋገጣል። ታካሚው ከምርመራው በፊት ግሉተን ያለው ምግብ መመገብ ካቆመ ውጤቱ ሕመም እንደሌለ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሐኪም እስኪያዝ ድረስ አመጋገብን አለመለወጥ ያስፈልጋል። ሕመሙ በቤተሰብ የመተላለፍ ባሕርይ ስላለው የታካሚው ወላጆች፣ ልጆችና ወንድም እኅቶችም ስለ ምርመራ ሐኪም ቢያማክሩ ይመከራል።

ፈጽሞ የማይነካውና በመጠን የሚወሰደው

ግሉተንን በተመለከተ «ጥቂት አይጎዳም» የሚባል ነገር የለም። ምልክት ባይሰማም አንጀት ሊጎዳ ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑ የጥንቃቄውን መጠን ያሳያል። ስለዚህ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ ሳምቡሳ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ የስንዴና የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጠላና ቢራ ለዘለቄታው ይቀራሉ። የስንዴና የራይ ድቅል የሆነው ትሪቲካሌም እንዲሁ ነው። አጃ በራሱ ብዙ ታካሚዎችን ባይጎዳም፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አይወሰድም።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በተለይ ሊገነዘበው የሚገባ ጉዳይ አለ። የከሳና የደከመ ሰው «እንዲበረታ» ተብሎ የሚቀርብለት የአጃ አጥሚት፣ በሶና የገብስ ገንፎ ለሴሊያክ ታካሚ ሕመሙን የሚያባብሱ ናቸው። እንክብካቤው ሳይቀር የምግቡን ዓይነት መቀየር ይቻላል። የቡላ ወይም የጤፍ ገንፎ፣ የሩዝ ወይም የበቆሎ አጥሚት ምትክ ሆነው ያገለግላሉ።

ቃርን የሚያባብሱ ምግቦች ግን ከሰው ሰው ይለያያሉ። በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ብርቱካን፣ ቡና፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አልኮልና ቅባት የበዛበት ምግብ በብዛት ይጠቀሳሉ። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተው አይመከርም። የሚበላውንና የሚሰማውን ለሁለት ሳምንት መዝግቦ፣ በተደጋጋሚ የሚያቃጥለውን ብቻ መቀነስ ይበቃል። አንድ ምግብ ሲቀነስ ተመጣጣኝ ጉልበት የሚሰጥ ሌላ ምግብ በምትኩ መግባት አለበት። ቀይ ወጥ የሚያቃጥለው ሰው ወደ አልጫ ሊዞር ይችላል፤ ወጥ ትቶ እንጀራ ብቻ ከበላ ግን ክብደቱ መቀነሱ አይቀርም።

ጤፍ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀርብ

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ ግሉተን የሌላቸው በመሆናቸው የአገራችን ማዕድ ለሴሊያክ ታካሚ ምቹ መሠረት ነው። አሳሳቢው ነገር መቀላቀል ነው።

1. ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ የሚቻል ከሆነ በቤት መጋገር ይመረጣል።
2. ጤፍን ብቻውን ገዝቶ ማበጠር፣ በወፍጮ ቤትም ስንዴ ወይም ገብስ ከተፈጨ በኋላ ወዲያው አለማስፈጨት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ተለይቶ ለሌላው ቤተሰብ ቢውል ይሻላል።
3. እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተወሰደ ከሆነ ግሉተን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለታካሚው የተለየ እርሾ፣ ቡሃቃና ማሰሻ ሊኖር ይገባል።
4. ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሽሮ፣ በርበሬና ለሕፃናት የሚቀርብ ድብልቅ ዱቄት ምን እንደያዘ ማሸጊያውን አንብቦ ወይም ሻጩን ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

የጤፍ ዋጋ ለቤተሰቡ ከበደ ማለት ወደ ስንዴ መመለስ ማለት አይደለም። ጤፍን ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መጋገር፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ደግሞ ድንች ወይም ቆጮ መመገብ ወጪውን ያቃልላል።

ክብደትንና ጉልበትን መመለስ

ጨጓራ ከመጠን በላይ ሲሞላ አሲድ ወደ ላይ ለመውጣት ይቀልለዋል። በመሆኑም በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ሦስት መካከለኛ ምግብና በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ መመገብ ለሁለቱም ሕመም ይስማማል። ምግቡ ጥቂት ሲሆን ጉልበቱ እንዳያንስ ጥቂት ቅባት በየምግቡ ይጨመራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ቅባትን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መውሰድ ቃርን ሊቀሰቅስ ስለሚችል በየምግቡ ከፋፍሎ መጨመሩ ይሻላል። አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ፣ የተፈጨ ሰሊጥ፣ እንቁላልና ዓሣም ለዚሁ ዓላማ ይጠቅማሉ።

አንጀቱ የተጎዳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ወተት ላይስማማው ይችላል። በዚህ ጊዜ እርጎና አይብ በጥቂቱ መሞከር ይቻላል። አንጀቱ ሲያገግም ወተት መልሶ የሚስማማቸው ብዙ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ቀን ምግብ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

- ጠዋት 1 ሰዓት፦ የጤፍ ቂጣ ከእንቁላል ጋር፣ ወይም የቡላ ገንፎ በጥቂት ቅቤ
- ረፋድ 4 ሰዓት፦ ሙዝና አንድ እፍኝ ለውዝ
- ምሳ 7 ሰዓት፦ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በአተር ክክ አልጫ፣ ጎመንና ካሮት
- ከሰዓት 10 ሰዓት፦ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም አቮካዶ
- ምሽት 1 ሰዓት፦ ሩዝ ከሥጋ አልጫ ወይም ከምስር ጋር፣ ፓፓያ

እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢያበቃ ይመረጣል። ሌሊት የሚያቃጥለው ሰው የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎኑ መተኛትና ሆድን የሚያጠብቅ ቀበቶ ወይም መቀነት ማላላት ይረዳዋል።

ድካም ሁልጊዜ ከምግብ ማነስ ብቻ አይመጣም። በሴሊያክ ሕመም የብረት፣ የፎሊክ አሲድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት ስለሚታይ በደም ምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሻይና ቡና የብረትን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንሱ ከምግብ ጋር ባይወሰዱ ይመረጣል። ሎሚና ብርቱካን የሚያቃጥለው ሰው ቫይታሚን ሲን ከፓፓያ፣ ከማንጎ ወይም ከዘይቱን ማግኘት ይችላል።

ክብደት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ተለክቶ ቢመዘገብ ለክትትል ይጠቅማል። ምልክቶች በሳምንታት ውስጥ ሊሻሻሉ ቢችሉም የአንጀት መዳን በአዋቂዎች ከወራት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በጾም ወቅት

ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ቃርን ያባብሳል፤ የቀኑንም የምግብ መጠን ያሳንሳል። ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ታካሚ ስለ ጾም ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር መመካከር ይኖርበታል። ከስንዴ የሚዘጋጀውን ቁርባን በተመለከተም እንዲሁ። የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት ወቅት ምስር፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ለውዝና ተልባ ማዕዱን ያሟላሉ።

ስለ መድኃኒት

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ በአብዛኛው ከቁርስ 30 ደቂቃ ቀደም ብለው ሲወሰዱ የተሻለ ይሠራሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የቫይታሚን ቢ12፣ የማግኒዚየምና የብረት መጠንን ሊቀንሱ ስለሚችሉ የሴሊያክ ታካሚ ያለ ሐኪም ክትትል ሊያራዝማቸው አይገባም። በድንገት ማቆምም ማቃጠሉን መልሶ ሊቀሰቅስ ይችላል። የአሲድ ማርከሻና የብረት እንክብል በአንድ ሰዓት አይወሰዱም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ስለሚጎዱ በራስ ፈቃድ መውሰድ አይገባም። አንዳንድ እንክብሎች የስንዴ ስታርች ሊኖራቸው ስለሚችል ታካሚው ሕመሙን ለፋርማሲ ባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ወደ ጤና ተቋም ስለመሄድ

ሳይታሰብ ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ በላይ መቀነስ፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ከ3 ኪሎ በላይ መጉደል፣ ምርመራ የሚያሻው ምልክት ነው። ምግብ ሲዋጥ መያዝ ወይም ማመም፣ የማያቋርጥ ትውከትና ተቅማጥም ፈጥኖ መታየት አለባቸው። ደም ማስታወክ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ፣ ራስን መሳትና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ የደረት ሕመም ሲያጋጥሙ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ ታካሚው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመረመራል። የሴሊያክ የደም ምርመራና ኢንዶስኮፒ በሁሉም ተቋም ስለማይሰጡ እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው መሄዳቸውንና የአባልነት ካርዳቸውን መያዛቸውን ማረጋገጥ ይገባቸዋል። የክብደትና የምግብ መዝገብ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የቀድሞ የምርመራ ውጤቶች አብረው ቢቀርቡ የባለሙያውን ውሳኔ ያፋጥናሉ።

ይህ መረጃ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ሲሆን የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።