ጥፋተኛ ያልተገኘለት ወልወል

ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወልን ግጭት ሲመረምር የቆየው ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ኮሚሽን ውሳኔውን ሰጠ። ጣሊያንም ኢትዮጵያም ለግጭቱ መነሣት በጥፋተኝነት አይጠየቁም አለ። በሠላሳኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ኃያሉ ደካማውን ሲወር በደሉ የማን ነው ለሚል ሰው ከዚህ ውሳኔ የበለጠ የሚያስተምር ነገር ያለ አይመስለኝም።

ወልወል በኦጋዴን የሚገኝ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን የሚያጠጣበት የውኃ ጉድጓድ ነው። ኢትዮጵያና ጣሊያን በ1900 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል ድንበሩን ከባሕሩ ዳርቻ 180 ማይል ገባ ብሎ እንዲያልፍ አድርጓል። ወልወል ከዚያ መስመር ብዙ አልፎ በኢትዮጵያ ወገን ነበር። ጣሊያኖች ግን ቀደም ብለው ገብተው መሽገውበታል። ኅዳር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን ከኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ጋር እዚያ ሲደርስ፣ በጣሊያን መኮንን የሚታዘዝ ወታደር መንገድ ዘጋበት። የእንግሊዙ ተወካይ ሌተና ኮሎኔል ክሊፎርድ ተቃውሞውን ጽፎ ሰጠና ሰዎቹን ይዞ ወደ አዶ ፈቀቅ አለ። ኢትዮጵያውያኑ ከስፍራው አልተነሡም። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ድምፅ ለድምፅ እየተሰማሙ ተፋጠው ሰነበቱ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ የጣሊያን አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ገባበት፤ ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ።

ሮም ካሣ ጠየቀች። የሐረር ገዥ ወልወል ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ለጣሊያን ባንዲራ ሰላምታ ይሰጥ፣ 200,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ይከፈል አለች። በገዛ መሬቱ ሰው የሞተበት ወገን ይቅርታ እንዲጠይቅ ማለት ነው!

ኢትዮጵያ በ1920 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈራረመችውን የወዳጅነት ውል ይዛ ዳኝነት ጠየቀች። ዳኝነቱ ሲጀመር ግን ጣሊያን ወልወል የማን ነው የሚለው ጥያቄ እንዳይነሣ አጥብቃ ተከራከረች። የኢትዮጵያ ጠበቃ የነበሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ስፍራው የኢትዮጵያ መሆኑን ማስረዳት ሲጀምሩ የጣሊያን ወገን ተቃወመ፤ ሥራው ተቋረጠ። በኋላ ሲቀጥል የባለቤትነቱ ጥያቄ ከመዝገቡ ወጥቶ ነበር። የቀረው መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ቤቱ የማን መሆኑ ካልተጠየቀ ሌባውና ባለቤቱ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ።

ሙሶሊኒ ግን ይህን ፍርድ እየጠበቀ አልነበረም። ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወልወል ላይ ደም በፈሰሰ በወሩ ውስጥ፣ ግቡ የኢትዮጵያን ጦር መደምሰስና አገሪቱን ጠቅልሎ መያዝ እንደሆነ በጽሑፍ ለሹማምንቱ አስተላልፏል። ስለዚህ የወረራው ዋና በደለኛ እሱና መንግሥቱ ናቸው፤ ይህ ለማንም ተካፍሎ የሚቀንስ ዕዳ አይደለም።

የሌሎቹ ዕዳ ለብቻው የሚቆጠር ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ገለልተኛ ነን ብለው ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ካልገዛች የላትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን ጥፋተኛ ካለ በኋላ እንኳ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። የጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ የወረደበት ገበሬ በዚያ ቦይ ባለፈ መርዝ ተቃጠለ።

በእኛም ዘንድ ጥፋቱን ወደ ራሳችን የሚመልሱ አሉ። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ከድቶ ለጠላት አደረ፤ ጦሩ አልሠለጠነም፤ መሳፍንቱ አልተስማሙም ይላሉ። የተባለው እውነት ነው፤ ግን ለምን ተሸነፍን ለሚለው እንጂ ለምን ተወረርን ለሚለው መልስ አይሆንም። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሳያውቀው የወራሪውን ጠበቃ ሥራ ይሠራል።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የወረራው የጦር አዛዦች የነበሩትን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። ባዶሊዮ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከፍርዱ በኋላ ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። የተከሰሰውም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ በፈጸመው አልነበረም።