ስምምነት አንገትን አይጠብቅም

አዋቂዎች ተስማምተው ከሚፈጽሟቸው አደገኛ የወሲብ ድርጊቶች መካከል እኔ በቅድሚያ የማነሳው አንገት ማነቅን ነው። ብዙዎች አደጋው የትንፋሽ ማጠር ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ወደ አንጎል የሚሄደው ደምም ስለሚታገድ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ለማስቆም የተስማሙበት ቃል ታዲያ ከማን አፍ ይወጣል?

የአንገት ደም ሥር ውስጡ ከተሰነጠቀ ደግሞ ስትሮክ ከቀናት በኋላም ሊከሰት ይችላል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ፣ ለወሲብ እርካታ ተብሎ ለደረሰ ከባድ ጉዳት ስምምነትን መከላከያ አያደርግም።

አስተማማኝ የሚባል አስተናነቅ ስለሌለ ምክሬ መተው ነው። ከተፈጸመ ግን ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ፣ ምክንያቱን ሳይደብቁ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።